የአያ ሰይድ ምራቅ አሜሪካ ደርሶ ሲመለስ

ደሴ ፒያሳ አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። ውዬ የማድረው ቅጽ ስሞላ ነው። ሰው መጥቶ ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በቀን ሠላሳ ጊዜ ብጠይቅ ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ የውጭ ድርጅት በኢንተርኔት «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ድርጅት ነው። በአባት በኩል የሚወርደውን ዘር በዲኤንኤ እመረምራለሁ ይላል። ስሙን አልጠራም፤ የምወቅስበትም የማመሰግንበትም አለኝ። ይህን ሥራ የያዙት ደግሞ ብዙ ናቸው፣ አካሄዳቸውም ይመሳሰላል። ሁለት ሰው አስመርምሬያለሁ። ከኔና ከአክስቴ ልጅ ኪስ ወደ 30 ሺህ ብር ወጥቷል። «እንዴት ነው? ይረባል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ ለምን እንደጀመርኩት።

እኛ ቤት የሚወራ ታሪክ አለ። ወሎ ውስጥ ተመሳሳዩን ያልሰማ ቤት ጥቂት ነው። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ አንዱ ክርስትና ተነሣ፣ አንዱ በእስልምናው ጸና። ዘመኑም የቦሩ ሜዳ ዘመን ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚህ ደሴ አፍንጫ ሥር ጉባኤ አድርገው የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ያዘዙበት ጊዜ። ኢማም መሐመድ አሊ የተጠመቁት ያኔ ነው፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ የልጅ ኢያሱ አባት። ትልቁ ሲጠመቅ ትንሹም ይጠመቃል። የኛም ይማም ሁለት ልጆች ነበሩት ይባላል። ታላቁ ወልዴ ተብሎ ሐይቅ በኩል ቀረ። ታናሹ እንድሪስ «እኔስ አልችለውም» ብሎ ወደ ቃሉ ቆላ ወረደ።

ወልዴ ተሰማን ወለደ። ተሰማ ይመርን፣ ይመር ካሳን፣ ካሳ ወንድሜንና እኔን። (ይመር የእስላም ስም አይደለም ወይ የምትሉ ከሌላ አገር ናችሁ። ወሎ ውስጥ ስም ሃይማኖት አይጠይቅም።) በዚያኛው ወገን እንድሪስ ሙሄን፣ ሙሄ አሊን፣ አሊ ሰይድን። አያ ሰይድ ዛሬ ሰባ ያለፉ ሰው ናቸው፣ ሐርቡ አጠገብ ይኖራሉ። አባቴን «ወንድሜ» ሲሉት ነው ያደግነው። በኛ ሰርግ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ የእስላሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። የእስላሙን በሬ የሚባርኩት እሳቸው ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ከኛ በላይ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ።

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጠያቂው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ወልዳ የምታሳድገው የ19 ዓመት ጎረምሳ አለ። በስልክ ስንጨዋወት ስለ አያ ሰይድ ነገርኩት። «ግን እንዴት አወቃችሁ? ማስረጃ አለ?» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሚያስተምሯቸው። ግን ነገሩ ሆዴ ገባ። ለሳምንት ያህል ኮፒ ሳነሣም ሳስበው ነበር። እውነት እንዴት አወቅን?

እናቱ ናት ምርመራውን የነገረችኝ። «ካንቺ አይሆንም፣ የወንድ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋይ የሚሉት ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል። ሴት የላትም። እኔ ዋይ የምለው ዋጋውን ያየሁ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ክሮሞዞም ወደ 60 ሚሊዮን ፊደል የሚሆን ጽሑፍ እንደማለት ነው። ከአባት ወደ ልጅ ሲሄድ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይገለበጣል፣ አልፎ አልፎ ግን ስሕተት ይገባበታል። እኔ የፎቶ ኮፒ ሰው ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። የኮፒ ኮፒ ሲነሣ የሆነ ቦታ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ከዚያ ወረቀት በሚነሣው ሁሉ ላይ ነጥቧ አለች። ሁለት ደንበኛ የተለያየ ቀን ወረቀት ይዘው መጥተው ያችው ነጥብ ያችው ቦታ ላይ ካለች፣ ሁለቱም ከአንድ ወረቀት እንደተነሡ አልጠራጠርም።

ድርጅቱ የሚያነበው ጽሑፉን ሁሉ አይደለም፤ በመደበኛው ምርመራ የተወሰኑ ቦታዎችን ነው። በነዚያ ቦታዎች አንዲት አጭር ቃል ትደጋገማለች። ስንት ጊዜ ተደጋገመች? 13? 14? ይቆጥራል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ምልክት ይሏቸዋል። ባለ 37 ምልክት አለ፣ ባለ 111 አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ከ400 ዶላር የሚበልጠው ትልቁ ምርመራ አለ። እኛ የገዛነው ባለ 37ቱን ነው፣ አንዱ 119 ዶላር። ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው አልነግርም።

አሁን ወደዚያ ቅጽ ልመለስ።

ድርጅቱ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። ይህ የሚገባችሁ ቅጹን መሙላት ስትጀምሩ ነው። እንግሊዝ አገር ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ መውረድ ከጀመረ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ስምና ዋይ አብረው ይጓዛሉ። ብራያን ሳይክስ የሚባሉ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሳይክስ የሚል ስም የያዙ 48 ወንዶችን መርምረው በ2000 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አውጥተው ነበር። ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ዋይ ተገኘባቸው። ሰዎቹ አይተዋወቁም፣ ዝምድናም አያውቁም፣ የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ ንግድ መነሻ እንዲህ ያለው ነገር ነው። ስምህን ጻፍ፣ ስምህን የያዙትን እናሳይሃለን።

የኛ ስም ግን አይቀመጥም። እኔ ካሳ ነኝ፣ አባቴ ይመር ነው፣ አያቴ ተሰማ። በየትውልዱ አንድ እርምጃ ይራመዳል። አያ ሰይድ አሊ ናቸው፣ ልጆቻቸው ሰይድ። የአክስቴ ልጅማ አሜሪካ ስትገባ የአባቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖባት እዚያው ደርቆ ቀረ። የሷ ሌላ፣ የልጇ ሌላ። ትምህርት ቤት ልትቀበለው ስትሄድ እናቱ መሆኗን አስመስክራለች።

ስለዚህ ወንድሜን «ካሳ»፣ አያ ሰይድን «አሊ» ብዬ ሞላሁ። ድርጅቱም ወዲያው አንዱን ካሳ ከሚሉ ሰዎች ቡድን፣ ሌላውን አሊ ከሚሉ ሰዎች ቡድን እንድንገባ ጋበዘን። አሊ ከሚሉ ጋር! ዓለም ላይ ስንት አሊ አለ? የደሴን አሊ ብቻ ብትሰበስብ ሆጤ ሜዳ አይበቃም።

ቀጥሎ «በአባት በኩል የሚታወቀው የመጀመሪያው ሰው፣ የተወለደበት ዓመት፣ የተወለደበት ቦታ» ይላል። ሰውየው አለን፣ ይማም። ዓመቱን ማን ጻፈው? ዓመት ካልሞላህ ደግሞ ገጹ አያሳልፍም። እኔ ሌላውን ሰው ቅጽ የማስሞላ ሴት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ በግምት አንድ ዓመት ጻፍኩ። ልኬው ስጨርስ በኛ ዘመን አቆጣጠር እንደጻፍኩት ትዝ አለኝ። ተውኩት። ግምት ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ምን ይጨምራል።

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ስትመጣ ሁለት ትንንሽ ሳጥን ይዛ መጣች። ውስጡ በፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ ጥጥ መሳይ ያለበት መጥረጊያ አለ፣ ሁለት ሁለት። ፈሳሽ ያለባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች፣ መመሪያ፣ ፖስታ። መመሪያው በሥዕል ነው፣ ማንም ይረዳዋል። ይህን አመሰግናለሁ። ጉንጭን ከውስጥ በኩል ለአንድ ደቂቃ ያህል መጥረግ፣ ጫፉን ጠርሙሱ ውስጥ መክተት፣ መክደን። አለቀ። ደም የለም፣ መርፌ የለም። ወንድሜ የሐይቅ ሚኒባስ ሾፌር ነው፣ መናኸሪያ ወረፋ ሲጠብቅ ጋቢና ውስጥ ሰጠኝ። ረዳቱ «ኮሮና ተመለሰ እንዴ?» አለ።

ችግሩ አያ ሰይድ ጋ ነበር። መመሪያው ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ምንም አይበላ፣ አይጠጣ ይላል። ሐርቡ የደረስኩት ከዙሁር በኋላ ነው። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ተጥዷል፣ ጫቱ ቀርቧል።

«አንድ ሰዓት አፍዎን ሳያሟሹ መቆየት አለብዎት» አልኳቸው።

«ያለ ቡና?»

«ያለ ቡና።»

«እንግዲያ በረካው ይውጣና እንቆጥራለን፣ አብሽሪ።»

አቦል ወጣ። ቶና ወጣ። በረካ ወጣ። ሰዓት ልቆጥር ስል ጫቱ ተጀመረ። ዱዓ ነው፣ ማን ያቋርጣል? እኔንም ጀባ አሉኝ። አመሻሹ ላይ የመጨረሻው መኪና ሊያመልጠኝ ሆነ። አፋቸውን በውኃ ተጉመጠመጡና «በይ ፈጥነሽ ጥረጊ» አሉኝ። ጠረግሁ። ጥጡ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። እንደማይሆን ልቤ ያውቀዋል። ግን የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ነው የምትሄደው። ከድኜ ላክሁት።

አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ድርጅቱን አልወቅስበትም። የምወቅሰው አለመሆኑን የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይሉ ቆይተው፣ አንድ ቀን ገጹን ስከፍት የአያ ሰይድ ስም አጠገብ የነበረው አረንጓዴ ምልክት ቢጫ ሆኗል። ኢሜይል የለም። ያን ገጽ በአጋጣሚ ባልከፍተው እስከ ዛሬም እጠብቅ ነበር። የቅናሽ ማስታወቂያ ለመላክ ግን አይረሱም፤ በሳምንት ሁለቴ፣ የአባቶች ቀን፣ የእናቶች ቀን፣ የምን ቀን። ስጽፍላቸው በሁለት ቀን ውስጥ በትሕትና መለሱልኝና ሌላ ዕቃ በነጻ ላኩ። የላኩት ግን ቨርጂኒያ ነው፣ ለሐርቡ አድራሻ የላቸውም። እንደገና መንገደኛ ፍለጋ። ለፋሲካ የመጣ ሰው አመጣልኝ።

በሁለተኛው ጊዜ ብልጥ ሆንኩ፣ ሐርቡ ሄጄ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሰግደው ሲጨርሱ፣ ቡናው ሳይቆላ ያዝኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፈቱ። በመስኮት የምትገባው ብርሃን ጥርሳቸው ላይ ያርፋል፤ ከላይ ሁለት ጎድለዋል። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው «አርባ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ አፉን ከፍቶ ሳይናገር የቆየበት ቀን የለም» አሉ። አያ ሰይድ ሊስቁ ሲሉ ጥጡን ሊነክሱብኝ ነበር።

እሱን ሳሽግ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ በፊት እንደ ጨዋታ ነበር ያየሁት። ባይገጥምስ? መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ነን ብሎ የኖረ ሰው፣ በ37 ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ደግሞ ባይገጥምም ምክንያቱ ብዙ ነው። እኛ አገር የሰው ልጅ ወስዶ እንደ ልጅ ማሳደግ ያለ ነው። የጡት ልጅ አለ። ባሏ የሞተባት እርጉዝ ሌላ ቤት ትገባለች፣ ልጁም የእንጀራ አባቱን ስም ይዞ ያድጋል። ይህን ሁሉ ስም ይሸፍነዋል፣ ዋይ አይሸፍነውም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ «አያ ሰይድ፣ ወረቀቱ ዘመድ አይደላችሁም ቢልስ?»

«ታዲያ የልጅሽን ሰርግ አትጠሪኝም?» አሉኝ።

ይህን አገልግሎት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዚህን ጥያቄ መልስ አግኙ። ድርጅቱ «ያልተጠበቀ ውጤት ሊመጣ ይችላል» የሚል ነገር በትንሽ ፊደል ጽፏል። ከታች፣ ማንም የማያነብበት ቦታ።

ውጤቱ በሐምሌ መጣ። መብራት ጠፍቶ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ በስልክ ነው የከፈትኩት። ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ። የወንድሜ፣ የአያ ሰይድ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። 12፣ 12። 23፣ 23። 14፣ 14። እየገጠመ ሄደ። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ያየሁት ሁለት ጊዜ መስመር ከሳትኩ በኋላ ነው። 37ቱ ሲያልቅ 35ቱ አንድ ናቸው። የተለያዩት ሁለት ናቸው፣ ዲዋይኤስ 576 የሚባለው ቦታና ሲዲዋይ የሚባለው፣ እነሱም በአንዳንድ ቁጥር ብቻ። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ በመለዋወጥ የሚታወቁ ምልክቶች ናቸው። በወንድሜ በኩል ከይማም አምስት ልደት፣ በአያ ሰይድ በኩል አራት። በዘጠኝ ልደት ውስጥ ሁለት ነጥብ መግባቱ ማንንም አይገርምም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። መኪና እየነዳ ነው። «እሺ፣ ታዲያ አላወቅንም ነበር እንዴ?» ብሎ ዘጋው።

አሁን በጥንቃቄ ልናገር። ወረቀቱ «ይማም» አይልም። የሚለው ሁለቱ ሰዎች በአባት በኩል ከአንድ ወንድ መውረዳቸውን ነው። ያ ሰው ይማም ሊሆን ይችላል፣ የይማም አያትም ሊሆን ይችላል፤ ግምቱ ሰፊ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በቶማስ ጀፈርሰን ላይ የተደረገውን ምርመራ ያነበበ ይህን ያውቀዋል። ጀፈርሰን በባርነት ከያዟት ከሳሊ ሄሚንግስ ልጅ ወልደዋል ይባል ነበር። ከሕጋዊ ሚስታቸው በወንድ በኩል የሚወርድ ዘር ስላልነበራቸው የአጎታቸው የወንድ ዘሮች ተመረመሩ። የሳሊ የመጨረሻ ልጅ የኤስተን ዘር ከነሱ ጋር ገጠመ። ግን ዋዩ አባትየው ከጀፈርሰን ወንዶች አንዱ መሆኑን እንጂ የትኛው መሆኑን አይናገርም። የቀረውን የሞሉት ደብዳቤና የታሪክ መዝገብ ናቸው። የኛን የሞላው ቃል ነው። ይማም፣ ወልዴ፣ እንድሪስ የሚለው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ 35ቱ ቁጥር ምንም አይነግረኝም ነበር።

ስለ ዓረቡ ሼህም ልንገራችሁ። አያ ሰይድ ጋ ሌላ ታሪክ አለ። የይማም ዘር ከዓረብ አገር ከመጣ ሼህ ነው ይላሉ። ክርስቲያኑ ወገን ይህን አያነሣም፣ እሳቸው ግን ያምኑበታል። ውጤቱ ላይ ደግሞ ሁለቱም ጄ ከሚባለው ትልቅ የዋይ ቅርንጫፍ ናቸው ይላል። ጄ-ኤም267። ከዚያም በ12 ምልክት ብቻ የሚገጥሙ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አንድ ሳዑዲ ዓረቢያ ያስመዘገበ ሰው አለ። ይህን ስነግራቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «አላልኩም?»

ልቤ እያዘነ ነው የነገርኳቸው። ይህ ቅርንጫፍ ዓረብ አገር ብዙ ነው፣ እውነት ነው። ግን በኛ ደጋም አማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ብዙ ነው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ጋ። ዕድሜው በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ነው፣ ከእስልምና በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ12 ምልክት መግጠም ደግሞ ሁለት ሰው ስማቸው በ«መ» ይጀምራል እንደማለት ነው። ሼሁ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ላይኖሩም ይችላሉ። ለመለየት ትልቁን ምርመራ መግዛት ያስፈልጋል። አልገዛም። አያ ሰይድ ሰምተው ሰምተው «እሺ፣ አልካደም ማለት ነው» አሉ። ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም።

ሌላው ቅር ያለኝ ነገር የዘመዱ ዝርዝር ባዶነት ነው። ማስታወቂያው ላይ አንዱ ፈገግ ብሎ በመቶ የሚቆጠር የማያውቀውን ዘመድ ሲያገኝ ታያላችሁ። እኛ በ37ቱ ያገኘነው አንድ ሰው ነው። ወንድሜ አያ ሰይድን አገኘ፣ አያ ሰይድ ወንድሜን። ለዚህ 238 ዶላር! መዝገቡ ውስጥ ያለው አብዛኛው አውሮፓዊና አሜሪካዊ ስለሆነ ነው፤ የወሎ ሰው ምራቁን ልኮ አያውቅም። ስለዚህ «ዘመድ ፈልጉልኝ» ብላችሁ አትግቡ። «እኔና እገሌ አንድ ነን ወይ?» የሚል ጥያቄ ካላችሁ፣ እገሌም ፈቃደኛ ከሆነ፣ ያኔ ይሠራል። በደንብ ይሠራል።

ሱቅ የሚመጡ ሰዎች ወሬውን ከሰሙ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። ለሰባት ቤት ይሆናል ወይ? ልጅ ሊድሩ ነው፣ ሽማግሌ ስድስተኛው ላይ ተጠራጥሯል፣ ይህን ነገር አስመርምረው ሊገላገሉ። አይሆንም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ሰው አለ። ይህ ምርመራ የሚያየው አንዱን ነው፣ የአባት የአባት የአባት እያለ በቀጥታ የሚወጣውን። የእናታችሁን አባት እንኳ አያውቀውም። ሰባት ቤት የሚቆጠረው በእናትም በአባትም ነው። የርስቱ ዘመን እያለም እንዲሁ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ እስኪታወጅ ድረስ ሽማግሌዎች ችሎት ላይ ዘር ሲቆጥሩ በእናታቸው በኩል የሚመጣውን መሬት አልተዉም። እናቴ ውጤቱን ሳነብላት «እኔስ የት ነኝ?» ብላኝ ነበር። የለችም። እኔም የለሁም። ሠላሳ ሺህ ብር አውጥቼ ባስመረመርኩት የዘር ሐረግ ውስጥ እኔ ራሴ የለሁበትም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ስለ ምስጢር አስቡ። በዚህ ሙያ ትልቅ ስም ከነበራቸው አንዱ የሆነው ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ በ2023 እ.ኤ.አ. መረጃው ተሰርቆበት ወደ 6.9 ሚሊዮን ሰው ተነክቷል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ዋይ አይቀየርም፤ የወንድሜ ዋይ የልጁም ነው፣ የአያ ሰይድም የአምስት ወንዶች ልጆቻቸው ነው። እኛ የተመዘገብንበት ድርጅት ናሙናው ይጣል ብትሉ ይጥላል፣ ለፖሊስ ምርመራ አይዋል የሚል አማራጭም አለው። ሁለቱንም መርጫለሁ። አማራጮቹ ግን አራት ገጽ ወደ ውስጥ ገብተው ነው የሚገኙት።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለምርመራው ከአምስት አራት፣ ለመመሪያው አምስት፣ ለቅጹ አንድ። አንዱም ለድፍረታቸው ነው።

ስለ ቅጹ ግን አንድ መላ አገኘሁ። እዚህ አገር ቤትና ወገን በስም ሲጠራ የኖረው «ወረ» እየተባለ ነው። ኦሮምኛ ነው፣ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት። ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ። በጎንደር ነገሥታት ስም የገዙት የየጁ ራሶችም ወረሴህ ይባሉ ነበር። እኔም ገጹን ከፍቼ «ካሳ» የሚለውን አጠፋሁ፣ «አሊ» የሚለውንም አጠፋሁ፣ ሁለቱም ላይ «ወረ ይማም» ብዬ ጻፍኩ። ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለ።

በማግስቱ ሁለት ኢሜይል መጣ። አንዱ ሐይቅ ላለው ሾፌር፣ አንዱ ሐርቡ ላሉት ሽማግሌ። «ውድ ሚስተር ይማም፣ የቤተሰብ ስምዎን የያዘ አንድ ሰው አግኝተናል» ይላል፣ ሁለቱም። የአያ ሰይድን አትሜ ላሚኔት አደረግሁላቸው። ግድግዳው ላይ ከመካው ሥዕል ጎን ሰቅለውታል። ሰው ሲመጣ አንብቡልኝ ይላሉ፤ እንግሊዝኛውን ማንበብ የቻለ እስኪመጣ ቡናው በረካ ይደርሳል።